ካይሮ ላይ ቃሉን ያጣው ዘፈን

ካይሮን የማያውቅ አንባቢ ከእኔ የፒራሚድ ወሬ እንዳይጠብቅ ከወዲሁ ልንገረው። ፒራሚዱን ያየሁት ከሩቅ ነው፤ ከሚኒባስ መስኮት፣ ያውም መንገድ ጠፍቶኝ። የሄድኩት አልበም ልቀዳ ነበር። ይዤ የተመለስኩት ግን ልቀዳ ያሰብኩትን አይደለም። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ለራሴም ገና በደንብ ስላልገባኝ ከመነሻው ጀምሬ ቀን በቀን ልጻፈው።

ስሜ ፋናዬ ነው፤ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ባንዳችን ጊታር፣ ባስና ድራም ብቻ ነው ያለው። የምንጫወተውም ሩትስ ሮክ የሚሉትን፣ ከአገር ቤት ዜማ የሚነሳ፣ ብዙ ጌጥ ያልበዛበት ሮክ ነው። ሁለት አልበም አውጥተናል። ሰዎች «ሁለቱም አንድ ናቸው» ሲሉኝ እናደድ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳዳምጣቸው ግን የቱ ዘፈን በየትኛው አልበም እንዳለ ለራሴም ጠፋኝ። በዚያው ሰሞን ሻሪፍ የሚባል ግብፃዊ ሙዚቀኛ ዘፈናችንን ኢንተርኔት ላይ ሰምቶ ጻፈልኝ። ሞሃንዲሲን በሚባል ሰፈር ስቱዲዮ አለው። «ነይና አንድ ነገር እንሞክር» ይላል። ምን እንደምንሞክር አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ረቡዕ ጠዋት ቦሌ ድረስ የሸኘኝ ባሲስታችን አበጀ ነው። መኪናውን አቁሞ መሪውን እንደያዘ፣ «ስትመለሺ ይሄ የባንዱ አልበም ነው ወይስ ያንቺ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እሱን ሳታውቂ ነው የምትሄጂው?»

ጊታሬን አወረድኩና ተሰናበትኩት። አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ ጥያቄው ሲመላለስብኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አሞኛል ብለው ከረሜላ ሰጡኝ።

ካይሮ ደርሼ ሻንጣዬ ወጣ፤ ጊታሩ ግን የለም። እየዞርኩ ስፈልግ አንድ የጉምሩክ ሰው ጋ አገኘሁት፤ ማቀፊያውን ከፍቶ ያየዋል። «ዑድ?» አለኝ። ዑድ የእነሱ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ነው፤ ክራራችንን አሳብጠው ሆድ ያወጡለት ይመስላል። «ጊታር» አልኩት። ይህንን ያህል ጥርጣሬ ውስጥ የሚከተው ነገር ምን እንደሆነ አልገባኝም። አንዱን ክር በጣቱ መታ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀ፣ ፈገግ ብሎ ዘጋና ሰጠኝ። እስካሁን ድረስ ፍተሻ ይሁን ጨዋታ አላወቅኩም።

ውጭ የጠበቀችኝ ሮማን ናት። የታላቅ እህቴ የልጅነት ጓደኛ ስትሆን ካይሮ ከገባች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ማዓዲ በሚባለው ዛፍ የበዛበት ሰፈር በየቤቱ እየሄደች ታበስላለች፣ ታጸዳለች። ታክሲ ውስጥ እንደገባን ጥሩምባው ጆሮዬን ደፈነው። እኛ አገር ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ተናዷል ማለት ነው። እዚህ ግን ሹፌሩ እየዘፈነ፣ እየሳቀ ይነፋል። «ምን ሆኖ ነው?» አልኳት። «ምንም አልሆነም፤ ሰላም እያላቸው ነው» አለችኝ።

ያረፍኩበት ቤት የሮማን ብቻ አይደለም። አሠሪዎቻቸው ጋ እያደሩ የሚሠሩ ሴቶች በጋራ የተከራዩት ነው፤ በእረፍት ቀናቸው ይመጡበታል። ፍራሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሰው ሲመጣ ይዘረጋሉ። ሮማን ሽሮ ሠርታ ዓይሽ በሚሉት ክብ ዳቦ አቀረበችልኝ። ቁራሹ እጄ ላይ እየተከፈተ ሽሮው ቀሚሴ ላይ ሲፈስ፣ «ማሌሽ» አለችኝ። አይዞሽ ማለት ነው፤ ይቅርታም ማለት ነው፤ ምን ይደረግም ማለት ነው። በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ይህችን ቃል የቱን ብላ እንደምትለኝ ለይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ሮማን ሥራ ስለነበረባት መንገዱን ነገረችኝና ብቻዬን ወጣሁ። ሜትሮው አላስቸገረኝም፤ ለሴቶች የተለየ ፉርጎ አለው፣ ሴቶቹም ጊታሬን ተቀባብለው ጥግ አስያዙልኝ። ችግሩ ከሜትሮው ስወርድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድበትን ይጣራል። እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪው ነው በእጁ ምልክት የሚሰጠው፤ ለየሰፈሩ ሌላ ሌላ የጣት ምልክት አለ። ይህንን አላወቅኩም። አንድ ሰው ሲያደርግ አይቼ እኔም እጄን እንደሱ አደረግኩ፣ ሚኒባሱ ቆመልኝ፣ ገባሁ። እጄ የት ውሰደኝ እንዳለ እግዜር ይወቅ። ከብዙ መንገድ በኋላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳይ፣ ከጡብ ፎቆች ጀርባ ፒራሚዱ ብቅ አለ። ሞሃንዲሲን አጠገብ ፒራሚድ እንደሌለ እኔም እንኳ አውቃለሁ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው ስልኬን ከእጄ ወሰዱ። ሻሪፍ ጋ እንድደውል በምልክት ነገሩኝና አገናኘኋቸው። ተቆጡት። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ግን እንግዳ ሴት ብቻዋን አስመጥቶ ለማንከራተቱ እንደሆነ ድምፃቸው ይናገራል። ከዚያ መንደሪን ልጠው ሰጡኝ፣ አብረውኝ ወረዱ፣ ትክክለኛው መኪና ውስጥ አስገብተው ለሹፌሩ አደራ አሉት። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሻሪፍ ራሰ በራ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚውል፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ዑድ ይጫወታል፤ እንጀራው ግን ለሠርግና ለመንገድ ጭፈራ የሚሆን የኮምፒውተር ምት መሥራት ነው፤ ባጃጆቹ ከፍተው የሚያልፉት ዓይነት። በእንግሊዝኛ ነው የምንግባባው። ያመጣኋቸውን ዘፈኖች ከፈትኩለት። አንዱን እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ሁለተኛውን ገና ሲጀምር ዘጋው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ያለቀ ነው። ያለቀ ነገር ላይ እኔ ምን ልጨምርበት?»

ሙገሳ ይሁን ስድብ አልለየሁትም። ዑዱን አነሳና ከዘፈኔ አንዲት ሐረግ ወስዶ ተጫወተ፤ የኔው ነው፣ ግን አንዷ ድምፅ ቦታዋ የለችም። ወረድ ብላለች፣ ሙሉ ለሙሉ ግን አልወረደችም። በጊታሬ ፈለግኳት። የጊታር አንገት በብረት የተከፋፈለ ነው፤ በሁለት ብረት መሐል ያለው ድምፅ አይገኝም። ክሩን ገፋሁት። «አለፍሽው» አለኝ። ለቀቅ አደረግኩት። «አልደረስሽም።» እንዲህ እንዳልን ዋልን። ሃያ ዓመት ያህል የያዝኩት መሣሪያ እጄ ላይ ባዳ ሆነብኝ። በመጨረሻም «ቡክራ እንቀጥላለን» ብሎ ሸኘኝ።

ማታ ለሮማን ነገርኳት። «ቡክራ ማለት ነገ ነው» አለችኝ፤ «እሱ ግን ነገ ማለቱ አይደለም። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ነገ ዓርብ ነው።»

ዓርብ ካይሮ እሑድ ማለት ነው። ክርስቲያኑም ያስቀድሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ሄደች። ቅብጦቹ ሲቆሙ ተቀምጬ፣ ሲቀመጡ ቆሜ አስቀደስኩ። የገባኝ ቃል ኪርያላይሶን ብቻ ነው፤ እሱን ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አልኩት። ስንመለስ ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ፍራሾቹ ተዘርግተዋል፣ አንዷ ጸጉር ትሠራለች፣ ሌላዋ ስለ አሠሪዋ፣ ስለ ማዳሟ፣ እያወራች ታስቃለች።

ከእነሱ መሐል ውዴ ነበረች። ከደብረ ታቦር አካባቢ የመጣች፣ ሄሊዮፖሊስ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ እያደረች የምትሠራ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። መሬት ቁጭ ብላ ሞሎኺያ የሚሉትን ቅጠል ለወጥ ትቀነጥሳለች። ጥግ ይዤ ያቺን የጠፋችብኝን ድምፅ እየፈለግኩ ክሩን እገፋለሁ፣ እለቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ ውዴ ከጉሮሮዋ ታንጎራጉር ጀመር። ሙሾ ነው። እጇ ሥራውን አላቆመም፤ ድምፅዋ ግን ሻሪፍ ያሳየኝ ቦታ ላይ፣ ከሁለቱ ብረት መሐል፣ ሄዶ ቁጭ አለ።

«ውዴ፣ እስቲ ድገሚልኝ። በስልኬ ልቅዳው? ጊታሩን ላስለምደው ነው።»

«ምን ይሠራልሻል እትዬ? ቅጂው እንጂ።» አቀርቅራ እንደገና ጀመረች፦

«አደመ አደመ፣ የእናቴ ልጅ፣
አሸዋ ለብሰህ ቀረህ በሰው ደጅ።»

ብዙ ስንኝ አለችበት። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ፣ ሮማን ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። የአገር ናፍቆት መሰለኝ። አደመንም የድሮ ሙሾ ውስጥ ያለ ስም ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ለሻሪፍ አሰማሁት። ቃሉ ምን እንደሚል ሳይጠይቅ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋ። የሠርግ ምቱን ከሥር አደረገለት፣ በላዩ ቀጭን እንቢልታ የመሰለ ድምፅ አመጣ፣ እኔን ደግሞ «ጊታሩን አጩሂው» አለኝ። አምፕሊፋየሩን ከፍቼ ከውዴ ድምፅ ሥር ሥር ሄድኩ። ሲያልቅ ከመጀመሪያው ከፍቶ አሰማኝ።

እንዴት ልግለጸው? የእኔ ሮክ አለበት። የካይሮ ባጃጅ አለበት። ደብረ ታቦር ለቅሶ ቤት የሚሰማው አለበት። እግሬ ልጨፍር ይላል፣ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ነውር ይሁን ጥበብ መለየት አቃተኝ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ እንደዚህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሻሪፍ፣ «አልበሙ የሚከፈተው በዚህ ነው» አለ። ለአበጀ ላክሁለት። ብዙ ቆይቶ መለሰ፦ «ይሄ ምንድን ነው?» ሌላ ቃል የለውም።

እሑድ ለውዴ ላሰማት ወደ ሄሊዮፖሊስ ሄድኩ። ድምፅዋ አልበም መክፈቻ ሊሆን ነውና እሷ ሳትፈቅድ አይሆንም። ደግሞም ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ለገበያ ስትወጣ፣ ዓምድ ያላቸው ያረጁ ሕንፃዎች ሥር፣ ጥላ ውስጥ ተገናኘን። ፌስታል ሙሉ ሽንኩርት ይዛለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት።

ምቱ ሲጀምር ፈገግ አለች። የራሷን ድምፅ ስትሰማ ፈገግታው ጠፋ። እስከ መጨረሻው ሰማችና አውልቃ ሰጠችኝ።

«ይሄ የት ይሄዳል እትዬ?»

«አልበም ላይ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ ሁሉም ይሰማዋል።»

«አገር ቤትም?»

«አዎ፣ አገር ቤትም።»

ሽንኩርቱን መሬት አስቀመጠች። «አደመ ወንድሜ ነው» አለች። «የእናቴ የመጨረሻ ልጅ። ሊቢያ በረሃ ላይ ነው የቀረው። አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ ለእኔ ነገረኝ። እማዬ አልተረዳችም። ሽማግሌ ፈልገን፣ አጎቶቼ ተሰብስበው ሊያረዷት ነበር፤ ታማ ተኛችና ትዳን አልን። ዛሬም አደመ ደወለ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች።»

የሰው መርዶ ነው ከበሮ አስመትቼ ይዤ የመጣሁት።

«ስሙን ብቻ ቆርጬ ባስቀረውስ?» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ዘፈኑ አሳስቶኝ ይሆናል።

«ድምፄን ታውቀዋለች» አለችኝ። አልተቆጣችም። «ሌላ ሰው ደግሞ ሰምቶ ይነግራታል። እናት በዘፈን ትረዳ?»

እንደማጠፋው ነገርኳት። ፌስታሏን አንስታ፣ «መንገድ እንዳይጠፋሽ፣ ሹፌሩን ሜትሮ በይው» ብላኝ ሄደች። ማዓዲ ስደርስ ሮማን ፊቴን አይታ ነገሩን ተረዳች። «ዕለቱን ልነግርሽ ይገባ ነበር» አለች። «ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን እሷ ካልተናገረች እኛ ምን ብለን?»

ሰኞ ስቱዲዮ እንደገባሁ፣ «ድምፁን አጥፋው» አልኩት ሻሪፍን።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ምክንያቱን ነገርኩት። ተነሥቶ ተንጎራደደ። «ያለሱ ዘፈኑ የለም። ስሟን አንጠቅስም። ድምፁን በኮምፒውተር እንቀይረው። አንድ ዓመት እናቆየው።» እየተናገረ ፊቴን ያያል፣ ፊቴን እያየ ሌላ ሐሳብ ያመጣል። እኔም በውስጤ ለእያንዳንዱ ሐሳቡ እሺ እያልኩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈልጌው ነበር ዘፈኑን። በመጨረሻ፣ «ሻሪፍ፣ እናትህ የወንድምህን ሞት ባጃጅ ውስጥ ሆና ብትሰማስ?» አልኩት።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እያየሁት፣ የውዴን ድምፅ ከነመጠባበቂያ ቅጂው አጠፋው። እኔም ከስልኬ አጠፋሁ። ለአበጀም የላክሁለትን እንዲያጠፋ ጻፍኩለት። «ኸላስ» አለ ሻሪፍ፤ አለቀ ማለቱ ነው። ሻይ አስመጣ። በእነዚያ ትንንሽ ብርጭቆዎቻቸው ጠጣን።

የቀረው ምቱና ከሥር ከሥር የሚሄደው ጊታሬ ነው። ሲከፍተው መሐሉ ባዶ ሆኖ ይሰማል፤ ሰው የሄደበት ቤት ይመስላል። ባዶውን ሳዳምጥ የውዴ ዜማ በልቤ ይሄዳል፤ ስንኙ የት እንደሚሰበር፣ የት እንደምትተነፍስ ሁሉ። ጊታሩን አነሳሁ። በጣቴ ሞከርኩ፤ ብረቶቹ እንደገና ከለከሉኝ። የጠጣሁበትን ብርጭቆ አንስቼ ክሩ ላይ አስተኛሁትና አንሸራተትኩት። ጊታር በጠርሙስና በብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱ ሰዎች እንዳሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ የሌላ አገር ሰው ጨዋታ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ብርጭቆው ብረት አያውቅም። ያለፈበት ሁሉ ድምፅ ነው።

መጀመሪያ ቆሻሻ ሆነ፤ ሻሪፍ ፊቱን አጨፈገገ። ደጋግሜ ስሞክር ድምፁ ቀና አለ። ሻሪፍ ምቱን ቀነሰው፣ ቀነሰው፣ በመጨረሻ ጭራሽ ዘጋው። «ቀጥይ» አለኝ በእጁ። እስከ መጨረሻዋ ስንኝ ሄድኩ። እሷ የምትተነፍስበት ቦታ ላይ ብርጭቆውን አነሳሁ፣ እሷ የምትጀምርበት ቦታ ላይ መለስኩት። ስጨርስ ልብሴ በላብ ርሶ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው አሁን?» አለኝ። «ሮክ አይደለም። የእኛም አይደለም። የእናንተም መሆኑን እንጃ።»

«እኔም እንጃ» አልኩት። ምቱን የመለሰው በዘፈኑ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ከሩቅ መንገድ እንደሚሰማ አድርጎ።

ማክሰኞ ተመለስኩ። ሮማን በርበሬና ሻይ ቅጠል የሆነ ትልቅ እሽግ ለእህቴ አስያዘችኝ፤ ካይሮ ላይ የገዛችው በርበሬ ወደ አዲስ አበባ ለምን እንደሚሄድ ብጠይቃት ማሌሽ አለችኝ። ውዴን ደውዬ ተሰናበትኳት። ድምፁ መጥፋቱን ነገርኳት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ስለ አየሩ አወራችልኝ።

አልበሙን ከባንዱ ጋር አዲስ አበባ ጨረስነው፤ ሌሎቹንም ዘፈኖች አፍርሰን እንደገና ሠራናቸው። አበጀ ያንን የብርጭቆውን ዘፈን ሲሰማ ባሱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆይቶ አወረደው፤ እዚህ ላይ አልገባበትም አለ። ተቀይሞ ይሁን አክብሮ አልጠየቅኩትም። አልበሙ ከወጣ ወዲህ አንዳንዱ አደግሽ ይለኛል፣ አንዳንዱ ጠፋሽ ይለኛል፤ ሁለቱንም አመሰግናለሁ።

ከወራት በኋላ ውዴ ደወለች። ድምፅዋ ሻክሯል።

«እማዬ ተረዳች» አለችኝ። አጎቶቿ ገና ሳይነጋ ከቄሱ ጋር ሄደው አርድተዋታል። እሷ ካይሮ ሆና በስልክ ነው አብራ ያለቀሰችው። አጽናናኋት። ከዚያም ሳልጠይቃት፣ «ድምፄን አሁን መልሺው ከፈለግሽ» አለችኝ።

«የለም ውዴ። አጥፍተነዋል።»

«ይሁን። ያንቺን የጊታሩን ግን ጓደኞቼ ስልኬ ላይ አድርገውልኝ ነበር። ከተረዳች በኋላ በስልክ ለእማዬ አሰማኋት።»

«ምን አለች?»

«ዝም ብላ ሰማችና ይቺ የምታለቅሰው ማን ናት አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«የሰፈር ሰው ናት አልኳት።»